ቅጥያ ሲናገር፦ ስለ ኡዝቤክኛና እንግሊዝኛ የቃል ምሥረታ ጥያቄና መልስ

ቃል ሲመሠረት የሚጨመርበት ፍቺ ብቻ አይደለም። ተናጋሪው ለሰሚው ያለው ፍቅር፣ አክብሮት፣ ንቀት ወይም ማግባባት አብሮ ይገባበታል። ኡዝቤክኛና እንግሊዝኛ ይህን የሚያደርጉበት መንገድ በጣም ስለሚለያይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ያስተምራል። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ስለ አጻጻፉ፦ በኡዝቤክኛ ቃላት ውስጥ «ኦ» ብዬ የጻፍኩት ብዙውን ጊዜ በ«አ» እና በ«ኦ» መካከል የሚወድቅ ድምፅ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የቃሉ ትርጉም ያለው መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው። ቅጥያ «አውዳዊ ትርጉም» ያስተላልፋል ሲባል ምን ማለት ነው?

ቀላል መፈተኛ አለው። ቅጥያውን አውጥታችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡት። የሚወራው ነገር ራሱ ከተለወጠ ቅጥያው የፍቺ ሥራ እየሠራ ነበር። ነገሩ እንዳለ ሆኖ የሰዎቹ ግንኙነት ከተለወጠ ግን ሥራው አውዳዊ ነው።

በኡዝቤክኛ «ኪቶብ» መጽሐፍ ነው፤ «ኪቶብቻ» አነስተኛ መጽሐፍ፣ እጥፍ ወረቀት ነው። «ቻ»ን ስታወጡት ዕቃው ተለወጠ። «ኦና» እናት ናት፤ «ኦናጆን» ያቺው እናት ናት። «ጆን»ን ስታወጡት የተለወጠው ልጁ የሚናገርበት ስሜት ብቻ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፦ «ቡክ» እና «ቡክሌት» ሁለት ዕቃዎች ናቸው፣ «ዶግ» እና «ዶጊ» ግን አንድ ውሻ ናቸው። «ዶጊ» የሚለው ሰው ከሕፃን ጋር እያወራ ነው፣ ወይም ውሻውን እያባበለ ነው። ሰው የነከሰን ውሻ ፖሊስ በሪፖርቱ ላይ «ዶጊ» ብሎ አይጽፈውም፤ ቃሉ ስህተት ስለሆነ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ።

ይህን ዘርፍ ሞርፎፕራግማቲክስ ብለው በ1994 በስፋት ያብራሩት ቮልፍጋንግ ድሬስለርና ላቪንያ መርሊኒ ባርባሬዚ ናቸው። ዋና ነጥባቸው አሳናሽ ቅጥያ «ትንሽ» ከማለት አልፎ ንግግሩን በሙሉ ሊያለሳልስ ይችላል የሚል ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። «እማዬ» ላይ ያለችው «ዬ» እናትን አታሳንስም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ በከባድ መኪና ሥራ ላይ ነኝ። አብረውኝ የሚሠሩ ኡዝቤኮች አንዳንዴ «አካ»፣ አንዳንዴ «አካጆን» ይሉኛል። ልዩነት አለው? እኔስ ምን ልበላቸው?

ልዩነት አለው ወንድሜ። «አካ» ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ለማያውቁትም ታላቅ ሰው ይሉታል። አሠራሩ እንደ «ጋሼ» ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይገለበጣል፦ እኛ «ጋሽ ከበደ» ስንል እነሱ ስሙን አስቀድመው «አዚዝ አካ» ይላሉ። «ጆን» ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን ነፍስ ማለት ነው። በዝምድና ቃል ላይ ሲቀጠል ፍቅርን ወይም ልመናን ያመጣል። «አካ» ሲልህ የቆየ ሰው ድንገት «አካጆን» ካለህ ቀጥሎ የሚመጣውን አዳምጥ፤ ብዙ ጊዜ «ይህቺን ጭነት ለእኔ ውሰድልኝ» ዓይነት ነገር ይከተላል።

አንተ ስትጠራቸው ከዕድሜ ጀምር። በዕድሜ የሚበልጥህን ወንድ ስሙን ጠርተህ «አካ» በለው፤ የምትበልጥህን ሴት ስሟን ጠርተህ «ኦፓ» በላት። ታናሽህን «ኡካ»፣ ወይም በስሙ ላይ «ጆን» ጨምረህ «አዚዝጆን» ልትለው ትችላለህ። ለሴት የሥራ ባልደረባ «ኾን» የሚለው ቅጥያ አክብሮትንም ቅርበትንም ይይዛል፦ «ኖዲራኾን»።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጨዋነት እየመሰለው በታላቅ ሰው ስም ላይ «ጆን» ሲቀጥል ነው። በስም ላይ ያለ «ጆን» ከእኩያ ወደ እኩያ፣ ወይም ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚወርድ ነው። ጎረምሳ አቶ ከበደን «ከቤ» ብሎ ሲጠራ እንደሚሰማው ይሰማል።

ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስትመልስ «ዲር ብራዘር» ብትል ስብከት ይሆናል። «ብሮ»፣ «ማን»፣ «በዲ» ቅርበት አላቸው፣ ዕድሜን ግን አይነግሩም። ልመናውን የሚይዘው «ከም ኦን፣ ማን» ነው። ታላቅነቱ ይቀራል፤ እንግሊዝኛ በአንድ ቅጥያ የሚያኖርበት ቦታ የለውም።

ጥያቄ፦ የትርጉም ተማሪ ነኝ። የኡዝቤክኛ «ቻ» ከእንግሊዝኛ «ሌት» ጋር እኩል ነው ተብሎ ተሰጥቶናል። ልክ ነው?

ለዕቃ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፣ ለሰው ግን አያስኬድም። ኡዝቤክኛ አንዲትን ትንሽ ልጅ ቢያንስ በሦስት መንገድ ያሳንሳታል። «ቂዝቻ» ትንሽ ሴት ልጅ ናት፤ ስሜቱ ቀለል ያለ ስለሆነ በዜናም ይጻፋል። «ቂዛሎቅ» ስትባል የተናጋሪው ርኅራኄ ይገባል። «ቂዝጊና» ላይ ያለው «ጊና» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው፦ «ብቻ» እና «ትንሽዬ» የሚሉት ሁለቱም አሉበት። «ቢታጊና» አንዲት ብቻ፣ «ኦዝጊና» ጥቂት፣ «ሆዚርጊና» አሁን ገና፣ «ያኽሺጊና» ደህና የሚባል። ስለዚህ «ቂዝጊና» ውስጥ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ማዘንም ሊኖር ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ከዙሪያው ይታወቃል። «ጊና» ከ«ክ» በኋላ «ኪና»፣ ከ«ቅ» በኋላ «ቂና» ይሆናል። «ኪችኪና» (ትንሽ) የሚለው ቃል ራሱ ይህንኑ ቅጥያ በሆዱ ይዞ የደረቀ ነው። ለእንስሳትና ለሙሽራ ደግሞ የተለዩ አሉ፦ «ቶይቾቅ» የፈረስ ግልገል፣ «ኬሊንቻክ» አዲስ ሙሽራ።

የእንግሊዝኛ አሳናሾች ዕጣቸው የተለየ ነው። «ሌት» ለዕቃና ለእንስሳ ጤነኛ ነው፦ «ሊፍሌት»፣ «ፒግሌት»። ሰው ላይ ሲመጣ ግን ያጣጥላል፤ «ስታርሌት» የምትባል ተዋናይት ገና ኮከብ አልሆነችም ማለት ነው። «ሊንግ»ም እንዲሁ። «ደክሊንግ» የዳክዬ ጫጩት ነው፣ «ዳርሊንግ» ውዴ ነው፣ ነገር ግን «አንደርሊንግ» የበታች ሎሌ፣ «ዊክሊንግ» ልፍስፍስ ነው። እውነተኛ የቁልምጫ ሥራ የሚሠራው «ኢ» ብቻ ነው ማለት ይቻላል፦ «አንቲ»፣ «ስዊቲ»፣ «ቻርሊ»።

«ኤት» ደግሞ ሦስት ሥራ ነበረው። «ኪችኔት» ትንሽ ማዕድ ቤት፣ «ሌዘሬት» አስመስሎ የተሠራ ቆዳ፣ «አሸሬት» ሲኒማ ቤት ውስጥ ቦታ የምታሳይ ሴት። ትንሽነት፣ ሐሰተኛነትና ሴትነት በአንድ ቅጥያ ማለት ነው። በ1906 የእንግሊዙ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉትን ለማናናቅ «ሳፍራጄት» የሚል ቃል ሲያወጣ የተጠቀመው በዚህ ክምችት ነው። እስከዚያ ድረስ ወንዱም ሴቱም ታጋይ «ሳፍራጂስት» ይባል ነበር። በኤምሊን ፓንክኸርስት የሚመራው ማኅበር ግን ስድቡን አንሥቶ የራሱ መጠሪያ አደረገው። ቅጥያው አንድ ፊደል ሳይለወጥ ማን በማን ላይ እንደሚናገረው ብቻ ተለወጠ። ስለዚህ እህቴ፣ የተሰጣችሁን ሰንጠረዥ ለዕቃ ስሞች ያዙት፤ ሰው የሚጠራ ቃል ሲመጣ ግን ተዉት።

ጥያቄ፦ ኡዝቤክኛ እንደ እኛ አንቱታ አለው?

አለው፣ የአሠራሩም ሥር ተመሳሳይ ነው። እኛ «አባቴ መጡ» ስንል ግሱን በብዙ ቁጥር እንደምናደርገው እነሱም «ዳዳምላር ኬልዲላር» ይላሉ፤ «ላር» የብዙ ቁጥር ምልክት ነው። እንዲያውም ስሙም ግሱም ላይ ይቀጥሉታል። በሩቅ ሲያወሩም ለአንድ የተከበረ ሰው «ኡላር» (እሳቸው) ይባላል።

«ሴን» አንተ ወይም አንቺ፣ «ሲዝ» እርስዎ ነው። «ሲዝ» ለአንድ ሰው አክብሮት ስለዋለ፣ ብዙ ሰዎችን ሲያናግሩ «ሲዝላር» ማለት የተለመደ ሆኗል። «ሴንላር» ግን ሻካራ ነው፤ ባልተገባ ቦታ ከተባለ ጠብ ያስነሣል። ታሽከንት አካባቢ በብዙ ቤት ወላጅ ልጁን ጭምር «ሲዝ» እያለ ያሳድገዋል፤ ስለዚህ «ሲዝ» ሁልጊዜ ርቀት ነው ብላችሁ አትተርጉሙ።

እንግሊዝኛ ለዚህ ቅጥያ የለውም። አክብሮቱን በማዕረግ፣ በሙሉ ስምና በዓረፍተ ነገር ርዝመት ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ «ቾይ-ፖይ» ምንድን ነው? ቾይ ሻይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፖይን ግን መዝገበ ቃላት ላይ አላገኘሁትም።

አያገኙትም፤ ብቻውን ቃል አይደለም። ኡዝቤክኛ የቃሉን መጀመሪያ ድምፅ በ«ፕ» ተክቶ ይደግመዋል፦ «ቾይ-ፖይ»፣ «ኖን-ፖን» (ዳቦ ምናምን)። ቃሉ ራሱ በ«ፕ» የሚጀምር ከሆነ ማስተጋባቱ ስለማይሰማ «ም» ይገባል፤ ፑል ገንዘብ ነው፣ «ፑል-ሙል» ይባላል።

ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው «እና የመሳሰለው» ማለት ነው፦ ቾይ-ፖይ ሲባል ሻዩ፣ ዳቦው፣ ከረሜላውና ፍሬው ሁሉ ይመጣል። ሁለተኛው ደግሞ ለተርጓሚ ይበልጥ የሚያስፈልገው ነው፤ ግብዣውን ያቀለዋል። አስተናጋጁ «ቾይ-ፖይ ኢቺንግ» ሲል «ብዙ አልደከምኩበትም፣ አትጨነቁ፣ ጎራ በሉ» እያለ ነው፤ እንግዳውም እምቢ ለማለት ሰበብ ያጣል። ማዕዱ ግን ከሻይ ብዙ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል።

እንግሊዝኛም ተመሳሳይ የሚመስል አሠራር አለው፦ «ፋንሲ-ሽማንሲ»። መነሻው ዪዲሽ ተናጋሪ አይሁዳውያን ስደተኞች አሜሪካ ይዘውት የገቡት አነጋገር ነው። የቃሉ መነሻ ተነቢ ይወጣና «ሽም» ይተካበታል። መልኩ ከኡዝቤክኛው ጋር መንታ ይመስላል፣ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ «ሽም» ነገሩን ያጣጥላል። «ቾይ-ፖይ»ን አንድ ተማሪ «ቲ-ሽሚ» ብሎ ቢመልሰው የጨዋ ሰው ግብዣ «ሻይ ብሎ ነገር!» ይሆናል። ትክክለኛው የእንግሊዝኛ መልስ ከቃሉ ውጭ ነው፦ «ካም ኢን ፎር ቲ ኦር ሰምሲንግ»። «ኦር ሰምሲንግ» የምትለዋ ጅራት የ«ፖይ»ን ሥራ ትሠራለች።

ለአማርኛ ደግሞ መታደል ነው፤ «ሻይ ምናምን እንበል» ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል።

ጥንቃቄ፦ ይህ የቃል ንግግር ነው። በደብዳቤ፣ በውል ወይም በስብሰባ ጥሪ ላይ አይገባም። የሰው ሙያ ወይም የጻፈው መጽሐፍ ላይ ከተባለም ኡዝቤክኛውም ወደ ንቀት ያጋድላል። «ቦላ-ቻቃ» (ልጆችና ቤተሰብ)፣ «ኢዲሽ-ቶቮቅ» (የቤት ዕቃ፣ ሳህንና ድስት) የሚሉት ግን ማስተጋቢያ አይደሉም፤ የጸኑ ጥንድ ቃላት ስለሆኑ በመደበኛ ጽሑፍም ይገባሉ።

ጥያቄ፦ አንድን ሰው በቅጥያ ብቻ መስደብ ይቻላል? የምጠይቀው የዜና ትርጉም ስለምሠራ ነው።

በሁለቱም ቋንቋ ይቻላል፤ የዜና ተርጓሚ ከምንም በላይ መጠንቀቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

ኡዝቤክኛ ከፋርስኛ ከወሰዳቸው ቅጥያዎች አራቱ እዚህ ይነሣሉ፤ የመነሻ ትርጉማቸውን ማወቅ ይጠቅማል። «ቦዝ» ተጫዋች፣ «ኾር» በይ፣ «ፓራስት» አምላኪ፣ «ፓርቫር» ተንከባካቢ ነው። «ቦዝ» በጨዋታና በጥበብ ላይ ሲገባ ክብር ነው። «ዶርቦዝ» በገመድ ላይ የሚራመድ ባለሙያ ነው፤ «አስኪያቦዝ» ደግሞ አስኪያ በሚባለው የቃላት ፍልሚያ የተካነ ነው፤ ዩኔስኮ በ2014 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ጥበብ ነው። ያው «ቦዝ» በቢሮ ቃል ላይ ሲቀጠል ወቀሳ ይሆናል። «ቡይሩቅ» ትእዛዝ ነው፣ «ቡይሩቅቦዝ» ትእዛዝ በማውጣት ብቻ የሚሠራ አለቃ ነው። «ቆጎዝ» ወረቀት ነው፣ «ቆጎዝቦዝሊክ» ሰውን በወረቀት ማመላለስ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ገመድ የጨዋታ ነገር ነው፣ ሥልጣን ግን አይደለም፤ በማይጫወቱበት የሚጫወት ሰው ይወቀሳል።

«ኾር»ም እንዲሁ። «ቾይኾር» ሻይ ወዳድ ነው፣ ችግር የለውም። «ፖራኾር» ጉቦ በይ፣ «ቴኪንኾር» በነጻ የሚበላ ጥገኛ ነው። የእኛ «ኛ» በ«ሙዚቀኛ» ሙያ፣ በ«ጉቦኛ» ስድብ እንደሚሆነው የሚለየው ሥሩ ነው።

ከሁሉ የከበደው «ሚላት» (ብሔር) በሚለው ቃል ላይ ያለው ጥንድ ነው። «ሚላትፓርቫር» ሕዝቡን የሚወድ፣ ለብሔሩ የሚቆረቆር ነው። «ሚላትቺ» ጽንፈኛ ብሔርተኛ ነው። «ቺ» በራሱ ንጹሕ የሙያ ቅጥያ ነው («ኢሽቺ» ሠራተኛ)፣ እዚህ ግን ክስ ነው። በ1930ዎቹ በሶቪየት ዘመን የኡዝቤክ ጸሐፊዎቹ ቾልፖን፣ ፊትራትና አብዱላ ቆዲሪ የተወነጀሉት በ«ሚላትቺ»ነት ጭምር ነበር፤ ሦስቱም በጥቅምት 1938 ተረሸኑ። ከ1991 ነፃነት በኋላ እነዚያው ሰዎች የሚጠሩት «ሚላትፓርቫር» ተብለው ነው። ሁለቱንም ቃላት «ናሽናሊስት» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሳሹንና አወዳሹን አንድ አደረጋቸው። ለ«ሚላትፓርቫር» «ፓትሪዮት»፣ ለ«ሚላትቺ» «ናሽናሊስት» ማለት ይሻላል። በአማርኛም «ብሔርተኛ» የሚለው ቃል እንደ ጸሐፊው ስለሚወዛወዝ፣ አወዳሹን «ለሕዝቡ የሚቆረቆር» ብሎ በሐረግ መተርጎም ይመረጣል።

እንግሊዝኛ ውስጥ ይህን የሚሠሩት «ሞንገር»፣ «ስተር»፣ «ኢር» እና «ኢሽ» ናቸው። «ፊሽሞንገር» ዓሣ ሻጭ ነው፣ «ዋርሞንገር» ጦርነት ቆስቋሽ ነው። «ኢንጂኒር» መሐንዲስ ነው፣ «ፕሮፊቲር» በሰው ችግር የሚያተርፍ ነጋዴ ነው። «ያንግስተር» ወጣት፣ «ጋንግስተር» ወሮበላ። «ኢሽ» ደግሞ በሰው ስም ላይ ሲመጣ ከ«ላይክ» ጋር ይለያያል፦ «ቻይልድላይክ» የልጅ የዋህነት ያለው፣ «ቻይልዲሽ» የልጅ ሥራ የሚሠራ አዋቂ። ኡዝቤክኛ እዚህ ላይ አንድ ቃል ይዞ ያልፋል፤ «ቦላላርቻ» (እንደ ልጅ) ወዴት እንደሚያጋድል የሚወስነው ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው።

ጥያቄ፦ በትሕትና ለመጠየቅ ኡዝቤክኛ «እባክዎ» ብዙ አይጠቀምም ይባላል። ታዲያ በምን ያለሳልሳል?

በቅጥያ። «እባክዎ»ን የሚተካው «ኢልቲሞስ» አለ፣ ግን በዕለት ንግግር ውስጥ ትሕትናው የሚቀመጠው በግሱ ጫፍ ነው። «ና» ከሚለው ተነሡ፦ «ኬል» ና፣ «ኬሊንግ» ይምጡ፣ «ኬልሳንጊዝ» ቢመጡ፣ «ኬላ ኦላሲዝሚ» መምጣት ይችላሉ? እያለ ይወጣል። «ኬልሳንጊዝ-ቺ» ሲባል «ምነው ብትመጡልኝ» የሚል ልመና ይሆናል። ይህቺ «ቺ» የሙያው «ቺ» አይደለችም። የሙያው ተያይዞ ይጻፋል፣ የልመናው በሰረዝ ተለይቶ ይጻፋል። ሰረዙ ከጠፋ ጀማሪ አንባቢ ይደናገራል።

ሁለተኛው መሣሪያ «ሮቅ» ነው፤ በሰዋስው የማወዳደሪያ ቅጥያ («ይበልጥ») ነው። በትእዛዝ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም አያወዳድርም። «ሴኪንሮቅ ጋፒሪንግ» ቀስ ብለው ይናገሩ፣ «ቤሪሮቅ ኬሊንግ» ጠጋ ይበሉ። ያለ «ሮቅ» ትእዛዙ ይደርቃል። እንግሊዝኛ እዚህ «ኤ ቢት» ይላል፣ ወይም ቃል ይቆርጣል፦ «ጀስት ኤ ሴክ» ውስጥ «ሴኮንድ» የተቆረጠው ጊዜውን ለማሳጠር ሳይሆን ጥያቄውን ለማቅለል ነው። የእኛ «ጠጋ በል» እና «ፈቀቅ በል» ከ«ተጠጋ» እና «ተፈቀቅ» የሚለሰልሱት በዚሁ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛ እንዲህ ከሆነ በቃል ምሥረታ ደካማ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ጉልበቱ ሌላ ቦታ ነው። ኡዝቤክኛ የሚበረታው ሰሚውን በማክበርና በማቅረብ ላይ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ የሚበረታው በሚወራው ነገር ላይ ፍርድ በመስጠት ነው። በ1972 ከፈነዳው የአሜሪካ የፖለቲካ ቅሌት ከዋተርጌት በኋላ «ጌት» የሚል ቁራጭ ወጣ፤ ዛሬ በማንኛውም ስም ላይ ሲለጠፍ ነገሩ ቅሌት ነው የሚል ፍርድ ከማስረጃው ቀድሞ ይደርሳል። በ1957 የሶቪየት ሳተላይት ስፑትኒክ ሲመጥቅ «ኒክ» የሚለው የሩሲያ ቅጥያ ተያዘ፣ በ1958 የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጠኛ ኸርብ ኬን «ቢት» የሚባሉትን ከልማድ ያፈነገጡ ወጣቶች «ቢትኒክ» አላቸው፤ ወጣቶቹ ባዕድና አጠራጣሪ የሆኑት በሦስት ፊደል ነው።

ሌላው የስድብ ቃልን በቃል መካከል መሰንጠቅ ነው፦ «አብሶ-ብለዲ-ሉትሊ»። ዝም ብሎ አይገባም፤ ጉልበቱ ከሚያርፍበት ክፍለ ቃል በፊት ብቻ ይገባል። «ፋን-ብለዲ-ታስቲክ» የሚሆነው ጉልበቱ «ታስ» ላይ ስለሆነ ነው። «ፋንታስ-ብለዲ-ቲክ» ቢል አድማጩ ቋንቋው የእሱ እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃል።

ጥያቄ፦ «ቂፕ-ቂዚል» ቀይ ማለት ነው ወይስ በጣም ቀይ?

በጣም ቀይ፣ ደማቅ ቀይ። የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ተቆርጦ በ«ፕ» ወይም በ«ም» ይዘጋና ቃሉ ይደገማል፦ «ሳፕ-ሳሪቅ» ቢጫ፣ «ያም-ያሺል» አረንጓዴ፣ «ኮም-ኮክ» ሰማያዊ። የትኛው መዝጊያ እንደሚገባ በቃል የሚያዝ ነው። ቀለም ብቻም አይደለም፤ «ካፕ-ካታ» በጣም ትልቅ ነው፣ «ካፕ-ካታ ኦዳም» ሲባል ግን «ያን የሚያህል ሰው» የሚል ተግሣጽ ነው። «ቬሪ ቢግ ማን» ብሎ መተርጎም ቁመት መለካት ነው፤ «ኤ ግሮውን ማን» የሚለው ተግሣጹን ይዞታል።

ጥያቄ፦ ማሻሻያ ልጠይቅ። «ላር» እና «ሮቅ» እርባታ ናቸው እንጂ የቃል ምሥረታ አይደሉም። አልቀላቀሉትም?

በጥብቅ ሰዋስው ትክክል ነህ፤ «ላር» አዲስ ቃል አይመሠርትም። እዚህ ያስገባኋቸው አክብሮትና ማለስለሻ ሥራቸው ከብዙ ቁጥርና ከማወዳደር ተነጥሎ ስለቆመ ነው። አንድ አባት ላይ «ላር» ሲገባ የሚቆጠር ነገር የለም። ለፈተና የምታጠና ከሆነ ግን ለይተህ ጻፍ፦ «ጆን»፣ «ቻ»፣ «ቦዝ»፣ ማስተጋቢያው የቃል ምሥረታ፤ «ላር»፣ «ሮቅ»፣ የግሱ ጫፎች እርባታ።

ጥያቄ፦ ለፊልም የግርጌ ጽሑፍ ስንሠራ ከምን እንጀምር?

መጀመሪያ ማን ለማን እንደሚናገር፣ ማን ታላቅ እንደሆነ ይጻፍ፤ በኡዝቤክኛ ያለዚህ ግማሹ ቅጥያ አይፈታም። ቀጥሎ ቃሉ የደረቀ መሆኑ ይታይ፤ «ኪቶብቻ» መዝገበ ቃላት ላይ ስላለ ቁልምጫ የለበትም። ከዚያ ከላይ ያልኩት የማውጣት ፈተና። ቅጥያው ግንኙነትን ብቻ የሚለውጥ ከሆነ፣ በተርጓሚው ቋንቋ ያንን ሥራ ማን እንደሚሠራው ፈልጉ፤ ቅጥያ መሆን የለበትም። መጨረሻ ላይ ገጸ ባሕርዩ አጠራሩን የቀየረበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ። በአንድ ትዕይንት «አዚዝጆን» ሲል የቆየ አባት በሚቀጥለው «አዚዝ» ብቻ ካለ፣ ያ ቁጣ ነው። በእንግሊዝኛ «ሰን» ሲል የቆየውን ወደ ሙሉ ስም ቀይሩት፤ በአማርኛ «ልጄ» የሚለውን አውጡት። በመስመር 40 ፊደል ብቻ ቢኖራችሁ እንኳ ይህንን አትጣሉት፣ ይልቅ ቅጽል ጣሉ።

ጥያቄ፦ «ዳዳምላር» አባቴ ከሆኑ፣ በርግጥ ብዙ ሰው ሲሆን እንዴት ይለያል?

በቅደም ተከተሉ። የባለቤትነቷ «ም» ቀድማ «ላር» ከተከተለ አክብሮት ነው፤ «ላር» ቀድሞ ባለቤትነቱ ከተከተለ ቁጥር ነው። «አካምላር» ታላቅ ወንድሜ (አንቱ)፣ «አካላሪም» ታላላቅ ወንድሞቼ። «አካምላር» አንዳንዴ «ወንድሜና ቤተሰቡ» ማለትም ይሆናል፤ ይህን ግን ግሱ አይለየውም፣ «ኬልዲላር» ለሁለቱም ያው ነው። ስለዚህ እንግዶች ስንት እንደሆኑ ማወቅ ካስፈለጋችሁ «ኔቻ ኪሺ?» (ስንት ሰው?) ብላችሁ ጠይቁ፤ ኡዝቤኮች ራሳቸውም ይጠይቃሉ።